ያልተመለሰ ውሰት፦ የመረጃ ቋት ተንታኞችና የማኅደረ ትውስታ ብክነት ታሪክ

ከዓመታት በፊት ስሙን መጥቀስ በማልፈልገው በአንድ የስደተኞች መመዝገቢያ ቢሮ በአስተርጓሚነት ስሠራ አንድ ነገር ልብ አልኩ። ጠዋት ቢሮው ሲከፈት የመረጃ ቋቱ ለተጠየቀው ሁሉ ወዲያው ይመልሳል፤ ረፋዱ ላይ ይዘገያል፤ ቀትር ሲቃረብ ጨርሶ ይቆማል። ያን ጊዜ መዝጋቢዋ ማሽኑን አጥፍታ ታበራዋለች። ተራ ጠባቂው በረንዳ ላይ ይቆያል፤ ምዝገባው ተጀምሮ ያልተፈጸመለት ሰውም የራሱን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም ፊደል በፊደል እንደገና ያስጽፋል። ሦስት ጊዜ ያስጻፈ ሰው ስሙ በሦስት ዓይነት የላቲን አጻጻፍ ሲሰፍር በዓይኔ አይቻለሁ። የቢሮው ሰዎች «ማሽኑ ስለሚደክመው ነው» ይሉ ነበር።

ማሽን አይደክመውም። ኋላ ጥገናውን ያደረገው ባለሙያ እንዳስረዳኝ፣ ከቅጹ ላይ የሚነሣው ስም ወደ መረጃ ቋቱ የሚላከው በአንድ የጥያቄ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ተሰክቶ ነው። በዚያ የጥያቄ ቋንቋ፣ ማለትም በኤስኪውኤል፣ ስም የሚቀመጠው በሁለት ነጠላ ጭረቶች መካከል ነው። «ዘርአ ያዕቆብ»ን የመሰለ ስም በላቲን ሲጻፍ ግን «አ»ን ወይም «ዕ»ን ለማመልከት ያችው ጭረት በስሙ መካከል ትገባለች። ማሽኑም ስሙ እዚያ ላይ ያለቀ ይመስለዋል፤ የተረፈውን ፊደል ምን እንደሚያደርገው አያውቅምና የሰዋስው ስሕተት አለ ብሎ ያቆማል። (ጣሊያኖችም እንደ ዳንጄሎ ላሉት ስሞቻቸው ከዚህ ጣጣ አልዳኑም።) ስሕተት አለ መባሉ ባልከፋ። ክፉው ነገር፣ ቢሮው ለብቻው ያሠራው ፕሮግራም ያን የተሰበረ ዐረፍተ ነገር ለመመርመር የወሰደውን የማኅደረ ትውስታ ቦታ ሳይመልስ መቅረቱ ነበር። የማሽኑ ማኅደር ጠባብ፣ እንዲህ ያሉት ስሞች ደግሞ ብዙ ስለነበሩ፣ ጥቂት በጥቂት የተወሰደው ተከማችቶ ከቀትር በኋላ ለሌላው ሥራ የሚተርፍ ቦታ ይጠፋ ነበር።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ጉድለት በመረጃ ቋት ፕሮግራሞች ታሪክ ውስጥ ከየት እንደመጣና በምን ዘዴ ሊገታ እንደቻለ ማሳየት ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ስለ ስያሜው አንድ ቃል። የእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ጉድለቱን ከሚያፈስ ዕቃ ጋር አመሳስለው ሰይመውታል፤ በአማርኛም «ፍሳሽ» የሚሉት አሉ። ስያሜው አንባቢን የሚያሳስት ይመስለኛል። ከማሽኑ ወደ ውጭ የሚወጣ አንዳች ነገር የለምና። ከዚህም በላይ ምስጢር ሾለከ ከሚባለው ነገር ጋር ይምታታል። በ2014 ዓለምን ያስደነገጠው «ሀርትብሊድ» የተባለው ጉድለት፣ ባዕድ ሰው የሌላውን ማኅደር እንዲያነብ በር የከፈተ ስለነበረ በእርግጥም ምስጢር ማሾለክ ነበር፤ እኛ የምንነጋገርበት ግን ከዚያ ፈጽሞ የተለየ ነው። እዚህ የሚሆነው፣ ፕሮግራሙ ከማሽኑ ቦታ ይዋሳል፤ ሥራውን ይፈጽማል፤ የተዋሰውንም ሳይመልስ አድራሻውን ይረሳል። ማሽኑ ቦታው እንደተያዘ ያምናል፤ የያዘው ግን የለም። ስለዚህ ከ«ትውስታ» ጋር በድምፅ ስለሚገጥምም «ያልተመለሰ ውሰት» ማለትን መርጫለሁ።

ጉድለቱ በተለይ በተንታኞች ዘንድ የሚበረታበት ምክንያት ከሥራቸው ጠባይ የመጣ ነው። ተንታኝ የምንለው የፕሮግራሙ ክፍል የቀረበለትን ዐረፍተ ነገር በቃል በቃሉ ለይቶ፣ የእያንዳንዱን ሙያ አውቆ፣ ማሰሪያውን ከባለቤቱና ከተሳቢው ጋር የሚያያይዝ ነው። ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ሥራውን ለመረዳት አይቸገርም፤ መምህሩ «ሙያው ምንድን ነው?» እያለ የሚጠይቀውን ተንታኙ ራሱን ይጠይቃል። ልዩነቱ፣ ተማሪው መልሱን በቃሉ ሲይዝ ተንታኙ ለእያንዳንዱ ቃልና ለእያንዳንዱ ማያያዣ ከማኅደሩ ቦታ እየወሰደ ግንዱና ቅርንጫፉ የተለየ ዛፍ ማቆሙ ነው። ዐረፍተ ነገሩ ከተፈጸመና መልሱ ከተሰጠ በኋላ ዛፉ አያስፈልግም። ይህን ማፍረስ ቀላል ነው፤ ከጫፍ እስከ ሥሩ እየተከተሉ እያንዳንዱን ቦታ መመለስ ነው። ዐረፍተ ነገሩ መካከል ላይ ሲሰበር ግን ዛፉ ገና አልቆመም። ቅርንጫፎቹ ግንድ ሳይኖራቸው፣ አንዱ ከሌላው ሳይያያዝ፣ ተንታኙ ባቈያቸው ስፍራ ተበታትነው ይገኛሉ። ሥሩን ይዞ የሚከተላቸው የለም። ታሪኩ እንደሚመሰክረው አብዛኛው ያልተመለሰ ውሰት የሚገኘው ሰናዩ መንገድ ላይ ሳይሆን እዚህ ስሕተቱ መንገድ ላይ ነው፤ ፕሮግራም ጸሐፊዎች ደግሞ የሚፈትኑት ብዙ ጊዜ ሰናዩን መንገድ ነው።

እዚህ ሮም አካባቢ ለምንኖር ሰዎች ከዚህ የሚቀርብ ጥንታዊ ምሳሌ አለ። በግዕዝ ፊደል ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው መጽሐፍ፣ ዮሐንስ ፖትከን የተባለው የኮሎኝ ሰው ከኢትዮጵያውያን መነኮሳት ተምሮ በ1513 ሮም ያሳተመው መዝሙረ ዳዊት ነው። በ1548 እና በ1549 ደግሞ አባ ተስፋ ጽዮን ሐዲስ ኪዳንን እዚሁ አሳተሙ። በዘመኑ የማተሚያ ቤት ልማድ ፊደል ለቃሚው የእርሳስ ፊደሎችን ከሳጥናቸው እየለቀመ ገጹን ያሰልፋል፤ ገጹ ከታተመ በኋላም እያንዳንዱን ፊደል ወደ መጣበት ክፍል ይመልሳል። ለላቲን ጥቂት ደርዘን ክፍሎች ሲበቁ ለግዕዝ ከሁለት መቶ በላይ ያስፈልጋሉ። ያልተመለሰ ፊደል የሚታወቀው በዚያው ዕለት ሳይሆን ሌላ ገጽ ሲሰለፍ «ጐ» ወይም «ኵ» ሲጠፋ ነው። ፊደሉ ከቤቱ አልወጣም፤ ከአንድ ታስሮ ከተረሳ ገጽ ውስጥ ተቀምጧል። ለጉዳያችን ከሚያፈስ እንስራ ይልቅ ይህ የተረሳ ገጽ የተሻለ ምሳሌ ነው እላለሁ።

በኮምፒውተር ዘመን የመጀመሪያው መልስ ሥራውን ከሰው ትከሻ አንሥቶ ለማሽኑ መስጠት ነበር። ጆን ማካርቲ ሊስፕ የተባለውን ቋንቋ ሲያዘጋጅ፣ ማንም የማይጠቅሰውን ቦታ ማሽኑ ራሱ እየፈለገ እንዲሰበስብ አደረገ፤ ዘዴውም በ1960 ታተመ። ሁለተኛው መልስ ተቃራኒው ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በቤል ቤተ ሙከራ ዴኒስ ሪቺ የሠራው ሲ የተባለው ቋንቋ፣ የተዋሰ ሁሉ ራሱ ይመልስ የሚል ሥርዓት ተከተለ። ስቲቨን ጆንሰን «ያክ» የተባለውን፣ የሰዋስው ሕግ ሲሰጡት ተንታኝ የሚሠራ ፕሮግራም ያዘጋጀው በዚያው ቤት ነው። ከያክና ከዘመዶቹ የተወለዱ ተንታኞች በብዙ የመረጃ ቋቶች ውስጥ እስከ ዛሬ ይሠራሉ። ያክ ግን ቅርንጫፍ እንዴት እንደሚያያዝ እንጂ ዐረፍተ ነገሩ ሲሰበር ቅርንጫፉ የማን ዕዳ እንደሆነ አልወሰነም። ሦስተኛ መልስም ነበረ፤ ዳግላስ ሮስ በ1967 ባሳተመው ጽሑፍ ማኅደሩን በቀጠና በቀጠና ከፍሎ አንዱን ቀጠና ባንድ ጊዜ መመለስ እንደሚቻል አሳይቶ ነበር። ይህ ሐሳብ ብዙ ዓመት ተገቢውን ክብር ያገኘ አይመስለኝም።

ሦስቱም መልሶች በአንድ ፕሮግራም ሕይወት ውስጥ ተራ በተራ ሲታዩ የምናገኘው በፖስትግሬስ ነው፤ ስለዚህም በእርሱ ላይ ጥቂት መቈየት ይገባል። ማይክል ስቶንብሬከርና ባልደረቦቹ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ሥራውን በ1986 ሲጀምሩ ከፊሉን በሲ፣ ከፊሉን በሊስፕ ጻፉት። ኋላ፣ በ1990 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ሊስፕን መምረጣቸው ስሕተት እንደነበረ በግልጽ አመኑ። ፕሮግራሙ እጅግ ገዝፎ ነበር፤ ማሽኑም ቦታ ለመሰብሰብ በማይመች ሰዓት ሥራ ያቋርጥ ነበር። ስለዚህ የሊስፑን ክፍል ወደ ሲ መለሱት። (ሊቃውንት ተሳስተናል ብለው በታተመ ጽሑፍ ሲናገሩ ማየት ብርቅ ነውና ለዚህ ምስጋና ይገባቸዋል።) ቋንቋው ቢለወጥም የሊስፕ አሠራር ግን ከዛፉ አልወጣም። ዛሬም የፖስትግሬስን ጽሑፍ የሚያነብ ሰው ተንታኙ የሚያቆመው ዛፍ በሊስፕ ደንብ በዝርዝር የተያያዘ ሆኖ፣ ባዶው ዝርዝርም በሊስፕ ስሙ «ኒል» ተብሎ ያገኘዋል። ጠራጊው በሄደበት ቤት ጠራጊ አለ ብለው የለመዱ ሰዎች ቀሩ ማለት ነው።

በ1994 አንድሩ ዩና ጆሊ ቼን የተባሉ ሁለት ተማሪዎች የኤስኪውኤልን ቋንቋ አስገቡበት፤ በ1996 ፖስትግሬስኪውኤል ተብሎ ተሰየመ፤ ከዩኒቨርሲቲው ውጭ ያሉ በጎ ፈቃደኞችም ተረከቡት። ፕሮግራሙ «የማኅደር ዐውድ» የሚባል የቀጠና ሥርዓት ከጥንት ጀምሮ ቢኖረውም፣ በትልልቅ ጥያቄዎች ጊዜ ቦታ እየበላ ይሄድ ነበር። ቶም ሌን የተባለው መሐንዲስ ሥርዓቱን እንደገና አቀናጀው፤ ሥራውም በ2001 በወጣው 7.1 በተባለው እትም ውስጥ ገባ።

የአዲሱ ሥርዓት ፍሬ ነገር ይህ ነው። ማንኛውም ውሰት በስሙ ሳይሆን በዕድሜው ይመዘገባል። ከደንበኛው ለመጣ አንድ ትእዛዝ አንድ ዐውድ አለ፤ ተንታኙ በተለመደው አካሄድ የሚያቆመው ዛፍ በሙሉ በዚያ ውስጥ ይኖራል። ቀጣዩን ትእዛዝ ለመቀበል ሲዘጋጁ ያ ዐውድ ባንድ ጊዜ ባዶ ይደረጋል። ዛፉ ቆሞ ነበር ወይስ ተሰብሮ፣ ቅርንጫፉ ተያይዞ ነበር ወይስ አልተያያዘም፣ የሚጠይቅ የለም። ጥያቄው በሥራ ላይ ሳለ ደግሞ ለእያንዳንዱ የሠንጠረዥ ረድፍ ከዚያ ያጠረ ዕድሜ ያለው ዐውድ ይከፈታል፤ ወደሚቀጥለው ረድፍ ሲታለፍ ይጸዳል። ይህ ባይሆን ኖሮ ሚሊዮን ረድፍ ያነበበ ጥያቄ የሚሊዮን ረድፍ ትርፍራፊ ተሸክሞ ይጓዝ ነበር።

ሌሎች መንገዶች ያልሠሩበት ምክንያት ከስሕተት አያያዙ የተነሣ ነው። ፖስትግሬስኪውኤል ስሕተት ሲያገኝ ከገባበት ጥልቀት በየደረጃው እየተመለሰ አይወጣም፤ ከነበረበት ዘልሎ ወደ ውጭኛው በር ይደርሳል። በመካከል የነበሩት ተግባራት «የተዋስኩትን ልመልስ» የሚሉበት ዕድል የላቸውም። እንግዲህ የያንዳንዱ ጸሐፊ ትጋት ምን ቢበረታ ከንቱ ነበር። ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን «የስሕተት ዐውድ» የተባለው ነው፤ ማኅደሩ ጨርሶ ሲሞላ እንኳ «ማኅደር አልቋል» ብሎ ለመናገር ቦታ ያስፈልጋልና፣ ለዚሁ ጥቂት ኪሎባይት ምንጊዜም ተጠብቆ ይቀመጣል። አስተዋይ ቤተ ሰብ ለክፉ ቀን እንደሚሰውረው እህል ነው።

ይህ ሲባል ጉድለቱ ጠፋ ማለት አይደለም። ረጅም ዕድሜ ባለው ዐውድ ውስጥ በስሕተት የተቀመጠ ነገር ባለቤቱ እስኪሞት ይኖራል። ፖስትግሬስኪውኤል ለእያንዳንዱ ግንኙነት አንድ ሂደት ስለሚመድብ፣ ደንበኛው ሲሰናበት ሂደቱ ይሞታል፤ ያልተመለሰውን ሁሉ ስርዓተ ክወናው ይረከባል። ይህ ብዙ በደል ሸፍኗል። ግንኙነቶችን ሳይዘጉ በኅብረት የመጠቀም ልማድ ሲስፋፋ ግን ሂደቶቹ ለሳምንታት መኖር ጀመሩ፤ የተሸፈነውም ታየ። በ2021 በወጣው 14ኛው እትም አስተዳዳሪው የእያንዳንዱን ዐውድ መጠን የሚያይበት መስኮት ተከፍቶለታል።

ሪቻርድ ሂፕ በ2000 ያወጣው ኤስኪውላይት በአንጻሩ ሌላ መንገድ ሄደ። ፕሮግራሙ ዛሬ በእጅ ስልኮች ሁሉ ውስጥ አለ ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሂፕ በያክ አልተጠቀመም፤ «ሌመን» የተባለ የራሱን ተንታኝ ሠሪ ቀድሞ በ1980ዎቹ መጨረሻ ጽፎ ነበር። በሌመን ሰዋስው ውስጥ ለእያንዳንዱ የቃል ዓይነት «ይህ ቃል ሳይያያዝ ከተጣለ እንዲህ አፍርሰው» የሚል ትእዛዝ አብሮ ይጻፋል። የተሰበረው ዐረፍተ ነገር ጣጣ ከሰዋስው ሕጉ ጋር አብሮ ታሰበበት ማለት ነው። ቢሶን የተባለው የያክ ወራሽም ተመሳሳይ ትእዛዝ አለው። የኤስኪውላይት አፈታተን ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ፈታኞቹ ማሽኑን ሆን ብለው ያሳስቱታል፤ መጀመሪያ የመጀመሪያውን ውሰት ይከለክሉታል፣ ቀጥሎ ሁለተኛውን፣ ቀጥሎ ሦስተኛውን፤ ሥራው ያለ እንቅፋት እስኪፈጸም እንዲህ እየቀጠሉ በየጊዜው ያልተመለሰ መኖሩን ይቈጥራሉ።

ያልተመለሰን ውሰት የሚያድኑ መሣሪያዎችም በዚያው ዘመን ተበራክተዋል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የወጣው «ፒዩሪፋይ» የሪድ ሄስቲንግስ ሥራ ነው፤ ሰውየው ኋላ ኔትፍሊክስን ካቋቋሙት አንዱ ሆነ። ጁሊያን ሲዋርድ በ2002 ያወጣው «ቫልግሪንድ» ለገንዘብ አልባው ፕሮግራም ጸሐፊ በነፃ ደረሰ።

የነገሩን ክብደት ለማሳየት ከመረጃ ቋት ተንታኝ ውጭ አንድ ምሳሌ እጨምራለሁ። የለንደን አምቡላንስ አገልግሎት ጥቅምት 26 ቀን 1992 በአዲስ የኮምፒውተር ሥርዓት መሥራት ጀመረ። ኅዳር 4 ቀን ሌሊት ሥርዓቱ ቆመ። በ1993 የወጣው የምርመራ ዘገባ እንዳመለከተው፣ አንድ ተሽከርካሪ በተሰማራ ቍጥር ከሰርቨሩ ማኅደር ጥቂት ቦታ ይወሰድና ሳይመለስ ይቀር ነበር፤ ሦስት ሳምንት ያህል ሲጠራቀም ማኅደሩ አለቀ። በአንድ ቀን ፈተና የማይታይ፣ በሦስት ሳምንት ግን ከተማ የሚያስጨንቅ ጉድለት ነው።

በእኛም ቤት ታሪኩ ባዕድ አልነበረም። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ የግዕዝን ፊደል ወደ ኮምፒውተር ያስገቡት በአብዛኛው በስደት ያሉ ወገኖች ነበሩ። ፍስሐ አጥላው በካሊፎርኒያ፣ ዶክተር አበራ ሞላ በኮሎራዶ ያደረጉት ይታወቃል። ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ ግዕዝን በላቲን ፊደል ለመጻፍ «ሴራ» የተባለውን ደንብ አዘጋጁ። የሴራ ጽሑፍ አንባቢ ፕሮግራም ትንሽ ተንታኝ ነው። የላቲኑን «ኤል» ሲያይ «ል» ብሎ መወሰን አይችልም፤ ቀጥሎ አናባቢ መጥቶ «ለ» ወይም «ሎ» ሊያደርገው ይችላልና ይዞ መቈየት አለበት። ጽሑፉ እዚያ ላይ ቢቋረጥ የተያዘው ፊደል ዕጣ ምን ይሆናል? ከላይ ያየነው ጥያቄ በትንሹ ይኸው ነው። በ1999 ግዕዝ በዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ከገባ በኋላ ደግሞ ሌላ ሒሳብ መጣ፤ በተለመደው አጻጻፍ አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል። ፖስትግሬስኪውኤል ለሠንጠረዥ ስም የሚፈቅደው 63 ባይት ስለሆነ፣ ስሙን በአማርኛ የሚሰይም ሰው ከ21 ፊደል በላይ ቢጽፍ የተረፈው ይቈረጥበታል።

የማይቀር ጥያቄ አለ። መመለስ መልካም ከሆነ ቶሎ መመለስ አይሻልም ወይ? አይሻልም። የያልተመለሰ ውሰት ተቃራኒ፣ ገና ባለቤት ያለውን ቦታ ቀድሞ መልቀቅ ነው፤ ይህም የባሰ ነው። ፕሮግራሙ የያዘው አድራሻ እንደ ቀድሞው ይነበባል፤ በዚያ አድራሻ የሚገኘው ግን ሌላ ነገር ነው። ባለሙያዎች «ተንጠልጣይ ጠቋሚ» ይሉታል። ይህን ስጽፍ ካስቴልኑቮ ዲ ፖርቶ ትዝ ትለኛለች። ከሮም በስተ ሰሜን በምትገኘው በዚህች ከተማ ትልቅ የጥገኝነት ጠያቂዎች መቀበያ ማእከል ነበረ፤ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቼስኮ መጋቢት 24 ቀን 2016 እዚያ ሄደው የዐሥራ ሁለት ሰዎችን እግር ሲያጥቡ ሦስቱ ኤርትራውያን ሴቶች ነበሩ። በጥር 2019፣ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የወጣውን የጸጥታ ዐዋጅ ተከትሎ፣ ማእከሉ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተዘጋ፤ ነዋሪዎቹም በአውቶቡስ ወደ ልዩ ልዩ ክፍለ ሀገር ተበተኑ። የከተማዋ ከንቲባ ሪካርዶ ትራቫሊኒ ተቃውመው አንዲት ሶማሊያዊት ስደተኛ በቤታቸው ለማስጠለል ቃል ገቡ። ሰውን ከማኅደር ክፍል ጋር ማመሳሰል ነውር ነው፤ እኔ የማመሳስለው አድራሻውን ነው። አንድ ጥሪ ወይም ውሳኔ ወደ ተዘጋ ማእከል ሲላክ ደብዳቤው ስሕተት አይልም፤ ይላካል፤ የሚቀበለው ሰው ግን የለም።

ማኅደረ ትውስታንና መዝገብንም መለየት ያስፈልጋል። ጥር 15 ቀን 2003 ሥራ የጀመረው የአውሮፓ የጣት አሻራ ቋት፣ ዩሮዳክ፣ የጥገኝነት ጠያቂን አሻራ ለዐሥር ዓመት አስቀምጦ እንዲሰርዝ በደንቡ ታዟል። በመጀመሪያው ደንብ ስም አይመዘገብም ነበር፤ በ2024 የወጣው አዲሱ ደንብ ስምንና የፊት ምስልን ጨመረ፤ አሻራ የሚሰጥበትንም ዕድሜ ከ14 ወደ 6 ዓመት አወረደ። ይህ ማሽን የረሳው ውሰት ሳይሆን ሰዎች ተሰብስበው የወሰኑት ዕድሜ ነው፤ በቫልግሪንድ አይገኝም።

የዚያን ቢሮ ፕሮግራም ባለሙያው በሁለት ቀን አስተካከለው። ስሞቹ በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ መሰካታቸው ቀርቶ ለብቻቸው እንዲላኩ አደረገ፤ ተንታኙም ለእያንዳንዱ ጥያቄ አንድ ቀጠና ተሰጠው፤ ጥያቄው ቢሠምርም ባይሠምርም ቀጠናው በመጨረሻው ይጸዳል። ከዚያ ወዲህ በቀትር ማሽኑን ያጠፋ አልነበረም። ስሙን ሦስት ጊዜ ያስጻፈው ሰው ግን ከዓመት በኋላ ለጉዳይ ሲመጣ፣ በመዝገቡ ላይ ልደታቸው አንድ ቀን የሆነ፣ አያታቸውም አንድ የሆነ ሦስት ሰዎች ሆኖ ተገኘ፤ ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ የሚያስረዳ ወረቀት እንዲያመጣም ተጠየቀ።